ቀይ ያለበትን አትደገፍ

ማክሰኞ ነበር፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሰባተኛው ቀን። ወይስ ረቡዕ? የዚያን ጊዜ ደብተሬን ብከፍት ይነግረኛል፤ ግን ከከፈትኩት ብዙ ዓመት ሆነኝ። ዘንድሮ ለሟቹ መታሰቢያ በያዙት አዳራሽ በር ላይ የሰቀሉት ጨርቅ አሥራ ዘጠኝ ይላል፤ እሱን አላምነውም። መታሰቢያውን አሥራ ዘጠኝ ያደረጉት አዳራሹ ያን ቀን ባዶ ስለነበረ ነው። የሰው መሞቻ ቀን በአዳራሽ ተራ ሲወሰን ያየሁት ፊልም ሰሪዎች ዘንድ ብቻ ነው። እኔ ማክሰኞ እላለሁ፤ ጋሽ ሚስማር መጋዞቹን የሚሞርደው ማክሰኞ ጠዋት ነበርና፣ ያን ቀን ሞረዱ ሲያፏጭ ትዝ ይለኛል።

ጋሽ ሚስማር አናጺ ነው። ስሙን ያወጡለት ቀጥ ብሎ ስለሚቆምና አናቱን ካልመቱት ስለማይነቃነቅ ነው። ድሮ ለሰው ቤት በርና መስኮት ይሠራ ነበር። ኋላ ከከተማው ዳር ባለ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ቀጠሩትና ቤት ሠራላቸው፤ ፊት እንጂ ጀርባ የሌለው፣ ደረጃው የትም የማያደርስ ቤት። «በዚህ ዕድሜዬ የውሸት አናጺ ሆንኩ» ይል ነበር። ስላሳፈረውም አንድ ልማድ አወጣ። ክብደት የሚችለውን በጥርብ እንጨት ያቆማል፤ ለዓይን ብቻ የሚሆነውን በስስ ኮምፔንሳቶ ይሠራና በቀይ ቀለም ሁለት መስመር እንደ መስቀል ያጣምርበታል። ከመብራት ሠራተኛው እስከ ጽዳቷ ድረስ ሕጉን የማያውቅ አልነበረም፦ ቀይ ያለበትን አትደገፍ።

ዳይሬክተሩ በዚያ ሁሉ ሙቀት የሐር ሻርፕ የሚጠመጥም ሰው ነበር። ሲያስብ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሰው እያየው መሆኑን ግን በአንደኛው ያረጋግጣል። ያን ጠዋት ካሜራውን ከታች የማቆሙን ሐሳብ ለውጦ የውሸቱ ቤት ሰገነት ላይ አወጣው። በሌንሱ ሲያይ በመደገፊያው የውስጥ ገጽ ላይ ቀዩ ምልክት ታየው።

«ይሄ ምንድነው? ቁስል ይመስላል። ቀቡልኝ» አለ።

ቀለም ቀቢው አመነታ። «የጋሽ ሚስማር ምልክት እኮ ነው ጌታዬ። ይጠራና…»

«ሚስማር በሩን ይሥራ። እዚህ የማየው እኔ ነኝ።»

ቀቢው አንድ እጅ ቡናማ ቀለም ደርቦ ሸፈነው። ጋሽ ሚስማር በጓሮ የማግስቱን በር ሲገጥም ነበር፤ የነገረው የለም። ዋናው ተዋናይ መጥቶ ከመደገፊያው አጠገብ ቆመና ወደ ሩቅ እያየ ተቀረጸ። እሱ አልተደገፈም፤ እርጥቡ ቀለም ሱፉን እንዳይነካበት ብሎ።

ከምሳ በኋላ ቀለሙ ደረቀ። በተዋናዩ ፈንታ ከሰገነቱ የሚዘለው ሰው ወጣ። የጋሽ ሚስማር ሚስት ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥራውን ያገኘለትም ጋሽ ሚስማር ራሱ ነበር። ፍራሹ በግራ በኩል፣ በሚዘልበት ቦታ ተነጥፏል። እሱ ግን መብራቱ እስኪስተካከል ሲጠብቅ ወደ ቀኝ ዞር አለ። መደገፊያውን አየ፤ ቀይ አላየም፤ ተደገፈ። ታች ያለችውን ልብስ ሰፊ «ሱሪዬ ቢቀደድ ትሰፊልኛለሽ?» እያለ ሲቀልድባት ነበር። ከሥሩ ሲሚንቶ ነው።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። መርማሪዎች መጥተው «የአናጺ ጉድለት» ብለው ጻፉና ሄዱ። ጋሽ ሚስማር ስብርባሪው ቡናማ ሆኖ ሲያገኘው ወዲያው ገባው፤ ማን እንደቀባው ሲጠይቅ ግን ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ለቀቢው በሳምንቱ ሩቅ ከተማ ሥራ ተገኘለት። የኔ ሥራ ከአንዱ ቀረጻ ወደ ሌላው ነገር እንዳይለወጥ መመዝገብ ነበር፤ የሸሚዙ የትኛው ቁልፍ እንደተከፈተ፣ ሲጋራው የት እንደደረሰ። መርማሪው «ያየኸው ነገር አለ?» ሲለኝ ዳይሬክተሩ ከኋላው ቆሞ ሻርፑን ያስተካክል ነበር። ለቀጣዩ ፊልምም ወስዶኛል።

ፊልሙ «ሕይወት የተከፈለበት» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎበት ወጣ። ሰውየው የሞተው ሲደገፍ ነው፤ እነሱ ግን ዝላዩን በሌላ ሰው ቀርጸው፣ ሲዘል ሞተ አሉ። መደገፍ አዳራሽ አይሞላም። ዳይሬክተሩ በየመድረኩ አለቀሰ፤ እንባውም ከመብራቱ ጋር ይበራ ይጠፋ ነበር። ፊልሙ መናኛ ነው። ሰው ባይሞትበት ኖሮ ዛሬ የሠሩትም አያስታውሱትም።

ጋሽ ሚስማር ለሚስቱ «ቀይ አድርጌበት ነበር፤ ቀቡብኝ» አላት። እሷ መጋዘኑ ድረስ ሄዳ፣ መብራቶቹ በጠፉበት፣ ስብርባሪውን አገላብጣ አየች። ተመልሳ «ቀዩ የታለ?» አለችው። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ምሳውን አቀረበች፣ ሸሚዙን ተኮሰች፣ አብራው ልጆች ዳረች፤ ስለ ወንድሟ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችለትም። እሱም «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ወደ በርና መስኮቱ ተመለሰ። ምልክት ማድረግ ሲያስፈልገው በመሮ ይቀርጸዋል እንጂ አይቀባውም።

ዘንድሮ የጥሪ ወረቀት ደረሳቸው። ፊልሙ ታድሷል፣ እያንዳንዱ ቀለም እንደተቀረጸበት ቀን ይታያል፣ ለሟች እህትም የምስክር ወረቀት ይሰጣል ይላል። ጋሽ ሚስማር ያን ፊልም አይቶት አያውቅም። አዳራሹ በር ላይ ሳገኘው ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

«ጸሐፊው፣ አለህ እንዴ? ሸበትክሳ» አለኝ።

«አንተ ግን እንደ ስምህ ነህ፣ ጋሽ ሚስማር።»

«ዝጌያለሁ ባክህ።» ጥሪውን ከኪሱ አውጥቶ በጣቱ መታ መታ አደረገው። «እያንዳንዱ ቀለም ይታያል የሚለው እውነት ነው?»

«እንደዚያ ይላሉ።»

«እንግዲያው የኔም ይታይ ይሆናል። ቀይ ክፉ ነው፤ በአንድ እጅ ቡናማ አይሸፈንም።» ሚስቱ ቀደም ብላ ደረጃው ላይ ትጠብቀው ነበር። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ባየው ምን ይሠራልኛል? እሷ ትየው።»

ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጣ። ሻርፑ አሁን ግራጫ ነው። «ጥበብ መሥዋዕት ትጠይቃለች» አለ። ስትጠይቅ ግን ሁልጊዜ የምታንኳኳው የሌላ ሰው በር ነው። የሟቹን ዕድሜ በሰባት ዓመት ቀነሰው፤ ለእንባ እንዲመች መሰለኝ። ሰዉ አጨበጨበ፤ መብራቱ ጠፋ።

እኔ ከእነሱ ኋላ ተቀምጬ ነበር። ተዋናዩ ሰገነቱ ላይ ቆሞ ወደ ሩቅ ማየት ጀመረ። በዚያ ሁሉ መብራት፣ ከክርኑ አጠገብ፣ ከቡናማው ሥር ሁለት የተጣመሩ መስመሮች እንደ ዝገት ብቅ ብለዋል።

«ከክርኑ ሥር» አላት ጋሽ ሚስማር።

እሷ በጣቷ አየር ላይ አንድ መስመር ሠራች፤ ሌላ አጣመረችበት።

«ቀቡብህ?»

«ቀቡብኝ።»

«ምነው ሳትነግረኝ?»

«ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«አዎ፤ ነግረኸኛል» አለችና ቦርሳዋን አነሳች። «ተነስ እንሂድ። የሚዘልበትን እነሱው ይዩት።»

በፊተኛው ረድፍ በኩል ሲያልፉ ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ዘንበል አለ። «እትዬ፣ የምስክር ወረቀቱ እኮ ገና ነው።»

«ለቀቢው ስጡት» አለችው ሳትቆም።

ደብተሬ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ አለ። ሳልከፍተውም በዚያ ማክሰኞ ገጽ፣ ከምሳ በፊት የጻፍኩትን አውቀዋለሁ፤ «መደገፊያ፦ ቀዩ በቡናማ ተሸፈነ» ይላል። ጋሽ ሚስማር ያኔ ደብተር ይዤ ሰገነቱ ላይ እንደነበርኩ ያውቃል፤ ጸሐፊው የሚለኝም ለዚያ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ መጥቶ ለምን ደብተሩን አምጣ እንዳላለኝ ልጠይቀው፣ በጨለማው የሰው ጉልበት እየገፋሁ ወጣሁ።

ውጭ ፀሐይ ነበር። አውቶቡሱ ቆሟል። እሷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ለእሱ ቦታ ይዛለታለች። እሱ ደረጃውን ወጣ፣ የበሩን መደገፊያ ነቅነቅ አድርጎ ሞከረው፣ ከዚያ ያዘው። በሩ ተዘጋ።