አሚን የተባለበት ቀልድ

መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣሁት ደሴ ውስጥ፣ በአንድ የቀበሌ አዳራሽ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ስብሰባ ነበር። ያኔ በደርግ ጊዜ ከስብሰባ መቅረት የለም፤ የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። ንግግሩ ሲያልቅ የኪነት ቡድኑ ይዘፍናል። ዘፋኞቹ ልብስ ሊቀይሩ ከመጋረጃው ጀርባ ሲገቡ መድረኩ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ መድረክ መሪው ጌታቸው ድምፅ ማጉያውን ይይዝና «ከሕዝቡ መካከል ተሰጥኦ ያለው ይውጣ!» ይላል። መዝፈን የሚችል ይዘፍናል፣ መሸለል የሚችል ይሸልላል። እኔን የመጋዘን ባልደረቦቼ ገፍተው አስወጡኝ።

የእህል መጋዘን ኩንታል ተሸካሚ ነበርኩ። አገሬ ቢስቲማ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም። የሰው አነጋገር፣ አሳሳልና አረማመድ ግን አንዴ ካየሁ አይጠፋኝም። ሥራ ሲቀዘቅዝ ጆንያ ላይ ቆሜ አለቆቻችንን አንድ በአንድ አስመስል ነበር።

የድምፅ ማጉያው ዘንግ ለዘፋኟ ልክ ተደርጎ ቆሟል። እሷ አጭር ናት፣ እኔ ረጅም ነኝ። ዘንጉ ከፍ እንደሚል የነገረኝ የለም። ኩንታል እንደተሸከመ ሰው ጎንበስ ብዬ ጀመርኩ።

ያወራሁት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስለወረደ ሰውዬ ነው። ብርዱን ፈርቶ ካፖርት ለብሶ፣ ጋቢ ደርቦ ተሳፈረ። መኪናው የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ቆላው መውረድ ሲጀምር ሞቀውና ጋቢውን አወለቀ። ትንሽ ወረድ ሲል ካፖርቱን፣ ከዚያ ሹራቡን። ኮምቦልቻ በካናቴራ ደረሰ። ፖሊስ አየውና «ማን ዘረፈህ?» አለው። «ሐረጎ!» «ስንት ሆነው?» «ኧረ ብቻውን ነው!»

አንድም ሰው አልሳቀም። ልወርድ ስል ከኋላ አንዲት ሴት ጮክ ብላ «ወላሂ እውነቱን ነው! የኔም ባል እንዲሁ ራቁቱን ነው የሚደርስ!» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ የሷ እንጂ የኔ አልነበረም። እኔ ግን የኔ ነው ብዬ ወሰድኩት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አልታይ አለኝ።

እንደኔ ያለውን ሰው «መሙያ» ይሉታል። ዘፋኞች እስኪለብሱ መድረክ የሚሞላ ማለት ነው። ከመሙያ በላይ «አባል» አለ፤ የቡድኑን ዩኒፎርም ይለብሳል፣ በቡድኑ መኪና ይሄዳል። ከአባል በላይ «ቋሚ» ነው። ቋሚ በክፍለ ሀገሩ ኪነት ይቀጠራል፤ ሥራው ይኸው ነው፣ ሌላ ሥራ የለበትም። እኔ የምፈልገው ያንን ነበር። ኩንታሉ አንድ ትከሻዬን ከሌላው ዝቅ አድርጎት ነበር። ጎብጬ ሳይሆን ቀጥ ብዬ ቆሜ እንጀራዬን መብላት ፈለግሁ። በቃ።

ወደ ቋሚነት የሚወስደው መንገድ በጓድ ተፈራ በኩል ነው። ጓድ ተፈራ የገምጋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነበር። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ነው። እሁድ የሚቀርብ ነገር ሁሉ ሐሙስ በጽሑፍ እሱ ፊት ይቀርባል። እኔ መጻፍ ስለማልችል ጌታቸው ይጽፍልኛል።

ጓድ ተፈራ ቀልድ ሲያነብ ደረሰኝ የሚያነብ ይመስላል። የካፖርቱን ቀልድ አንብቦ ቀና አለ።

«ይህ ሰው የየትኛው መደብ ነው?»

«ተሳፋሪ ነው፣ ጓድ» አልኩት።

«ካፖርት ካለው ንዑስ ከበርቴ ነው።»

«ያወልቀዋል፣ ጓድ።»

«የት?»

«ሐረጎ ላይ።»

አሰበ አሰበና «ጥሩ። በደንብ ያውልቅ» ብሎ ፈረመ። ጌታቸው በር ላይ እስክንደርስ ሳቁን አፍኖ ቻለው። እኔ አልሳቅሁም።

መሠረተ ትምህርት የገባሁት በዚህ ምክንያት ነው። መሃይምነት ይጥፋ ስለተባለ አይደለም። የራሴን ቀልድ ሰው አንብቦልኝ፣ ሰው ሰርዞልኝ፣ የቀረውን በቃሌ መያዝ ስላስጠላኝ ነው። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ትልቅ ሰው ሆኖ «ሀ» ማለት ያሳፍራል። ሳል እያስመሰልኩ አልኩት።

ሥራውን የተማርኩት ግን ከመድረክ ነው። የፊት ወንበር የኃላፊዎች ነው። ሕዝቡ ከመሳቁ በፊት የፊት ወንበሩን ማጅራት ያያል። ማጅራቱ ከተንቀሳቀሰ ይስቃል። ስለዚህ ቀልደኛ ለፊት ወንበር አንድ ቀላል ነገር ቀድሞ መስጠት አለበት። ሳል ያለበት አዳራሽ ውስጥ ሳሉ ሳያልቅ አትጀምርም። የሳቀልህን ሰው ደግመህ አታየውም፤ ያፍራል።

ኮምቦልቻ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ የምንጫወተው በአንድ ፋብሪካ አዳራሽ ነበር። ሠራተኞቹን የማሽኑ ድምፅ ጆሯቸውን አደንቁሯቸዋል። ቀልዱ ሲነገር ዝም ይላሉ፤ ከአጠገባቸው ያለውን «ምን አለ?» ብለው ጠይቀው ነው የሚስቁት። መጀመሪያ ጊዜ ሳላውቅ ሳቃቸው ሳይመጣ ወደሚቀጥለው እያለፍኩ ሁሉንም አበላሸሁት። በኋላ ቆም ማለት ተማርኩ። ደሴ ላይ አንድ ትንፋሽ የምቆምበት ቦታ ኮምቦልቻ ላይ ሦስት አራት ትንፋሽ እቆማለሁ። ሳቁ ይመጣል። በዚህ ቆም ማለቴ ጌታቸው ራሱ ያደንቀኝ ነበር።

ስሜን ያወጣው ቀልድ የዱአው ነው። በእኛ አገር ዱአ፣ ጸሎቱ፣ ሲደረግ የሚመሩት አባት እጃቸውን ዘርግተው «ሀጃ ያለው ይናገር» ይላሉ። የጨነቀው ሰው ጭንቀቱን ይናገራል። እሳቸው ይለምኑለታል፤ ሰው ሁሉ መዳፉን ከፍቶ «አሚን» ይላል። ሀጃውን የተናገረን ሰው አልፎ መሄድ የለም። ይህን እስላሙም ክርስቲያኑም ያውቃል።

የኔ ቀልድ ዶሮው ስለጠፋበት ዱአ አድራጊ ነው። «ሀጃ ያለው ይናገር!» እላለሁ። ቆም እላለሁ። ከዚያ ራሴው ድምፄን ለውጬ «በሬዬ ታመመብኝ» እላለሁ። «በሬህን ይማርልህ፤ ተነሥቶም ዶሮዬን ይፈልግልኝ!» ደግሞ በሴት ድምፅ «ባሌ ኮብልሎብኛል።» «ባልሽን ያምጣልሽ፤ ዶሮዬን ይዞ!» ደሴ ላይ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

ጓድ ተፈራ ሲገመግመው «ሀጃ ምንድን ነው?» አለ።

«ጉዳይ ማለት ነው፣ ጓድ።»

«ጉዳይ ያለው ለቀበሌ ያመልክት።»

«ዱአ አድራጊው ኋላ ቀር ስለሆነ አያውቅም፣ ጓድ» አለ ጌታቸው ፈጠን ብሎ። በዚህ አለፈ። ኋላ ቀር ልማድን ያጋልጣል ተባለ። አንዲት ቃል ብቻ በቀይ እርሳስ ሰረዘ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ አየሁት። ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ ማንም ሳያግዘኝ፣ በራሴ ያነበብኳት የመጀመሪያ ቃል እሷ ናት፤ ቀዩ መስመር በላይዋ ላይ እያለፈ። «አላህ» ትላለች። ከዚያ ወዲህ «ይማርልህ»፣ «ያምጣልሽ» ብቻ እያልኩ እጫወት ነበር። ማን እንደሚምር አይነገርም።

አንድ ጊዜ ከክፍለ ሀገሩ ኪነት አንድ እንግዳ ሊያየን ይመጣል ተባለ። ቋሚ የሚመርጥ ሰው ነው። ዝግጅቱ ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካው አዳራሽ ነው። ሐረጎን ስንወርድ የቡድኑ ልጆች ይዘፍናሉ፤ እኔ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ቀልዴን እደግማለሁ። ጌታቸው አጠገቤ ተቀምጦ «ዛሬ ካሳቅክ አለቀ፣ ቋሚ ነህ። እንድሪስ፣ በናትህ እንዳትጨምር፣ እንዳትቀንስ» አለኝ።

«ምን እጨምራለሁ?»

«አንተ አፍህ አያርፍም።»

አዳራሹ ሞልቷል። ሠራተኞቹ ቤተሰቦቻቸውን ይዘው እንዲመጡ ታዘው ነበር፤ እናቶች በብዛት ነበሩ። በዚያ ሰሞን ለብሔራዊ ውትድርና ልጆች ተወስደዋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚያወራው ግን የለም። እንግዳው ፊት ለፊት ተቀምጧል። ጓድ ተፈራ ከአጠገቡ ነው።

በካፖርቱ ቀልድ ጀመርኩ። እንግዳው ራሱን ነቅነቅ አደረገ፤ ሕዝቡ ሳቀ። ልቤ ተመለሰ። ወደ ዱአው ገባሁ። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁ፣ እጄን ዘረጋሁ። «ሀጃ ያለው ይናገር!» አልኩ። እንደ ልማዴም ቆም አልኩ። የኮምቦልቻውን ቆም።

በዚያ ዝምታ ውስጥ አንዲት ሴት ተነሣች። ከመካከል ነው የተነሣችው። እየቀለደች አልነበረም።

«አባቴ፣ ልጄን ወስደውብኛል። ወሬው የለም። ዱአ አድርጉልኝ።»

እሷ በዕድሜ እናቴን ታክላለች፤ እኔን «አባቴ» አለችኝ። እጁን የዘረጋ ሰው እንዲያ ይባላላ። አጠገቧ ያሉት ሴቶች መዳፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ኋላ ያሉት። ከዚያ ወንዶቹ። ማንም ወደ ፊት ወንበር አላየም።

የቀልዱ መልስ አፌ ውስጥ ነበር። «ልጅሽን ያምጣልሽ፤ ዶሮዬን ይዞ።» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ብዬው ቢሆን ኖሮ ማን ያውቃል፣ እንግዳው ይስቅ ነበር፤ እኔም ቋሚ ነበርኩ። ጌታቸው ከመጋረጃው ጀርባ «ዶሮዋን! ዶሮዋን በል!» እያለ ያንሾካሽካል። እኔ ሴትዮዋን እያየሁ ነው።

«አላህ ልጅሽን በሰላም ይመልስልሽ» አልኩ።

«አሚን!»

ያን ያህል ድምፅ ከአዳራሽ ሲወጣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ያ ጆሮው የደነቆረ ሠራተኛ ለአሚን አልዘገየም። ሌላዋ ተነሣች፤ «የኔንም!» ሌላው ተነሣ፤ «ወንድሜን!» አልፌ መሄድ አልቻልኩም። እየለመንኩ ቀጠልኩ። ጓድ ተፈራን አየሁት። እጆቹ ከጉልበቱ ላይ ትንሽ ተነሡ። ልጅ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። መልሶ አስቀመጣቸው። ከዚያ ድምፅ ማጉያው ጠፋ፤ መጋረጃው ተዘጋ። ሕዝቡ ከመጋረጃው ማዶ አሚን ማለቱን አላቆመም።

በማግስቱ ተጠራሁ። የጠየቀኝ ጓድ ተፈራ ራሱ ነው። ያ የእጁ ነገር ምንም አልጠቀመኝም።

«ሴትዮዋን ማን አዘጋጃት?»

«አላውቃትም።»

«ሀጃ ያለው ይናገር ያልክ አንተ ነህ።»

«ጓድ ፈርመውበታል።»

«ንግግር አታብዛ! ቆም በል የሚል እዚህ ወረቀት ላይ የት አለ? ለምን ቆምክ?»

«እነሱ ዘግይተው ነው የሚስቁት» አልኩት። ስለ ማሽኑና ስለ ጆሯቸው አስረዳሁት። በሕይወቴ ስለ ሥራዬ እንዲያ አድርጌ ለማንም አስረድቼ አላውቅም። ጥያቄው በዱላ የታጀበ ስለነበር ቀሪውን እተወዋለሁ። ታስሬ ቆይቼ ሲፈቱኝ ከመድረክ ታግደሃል ተባልኩ። ቋሚነቱን ሽለላ የሚሸልል አንድ ሰውዬ አገኘው። ድምፁ እንደ በር ሲጢጥ ይላል። እኔ ወደ ኩንታሌ ተመለስኩ።

ሴትዮዋን ከጊዜ በኋላ ኮምቦልቻ ገበያ አገኘኋት። ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ዘሀራ ነው ስሟ። አወቀችኝ።

«እትየ ዘሀራ፣ ልጅሽስ?»

«አልመጣም።»

«ዱአዬም ቀረ በይኛ» አልኳት። ከአፌ ያመለጠ ነው፤ ቀልድ ይሁን ምን ይሁን እኔም አላወቅኩት።

አየችኝ። «ኧረ አንተ ሰውዬ! ያንተ ዱአ መሰለህ እንዴ? እኛ ነን ያደረግነው። አንተማ ለቀልድ ነበር የመጣህ» አለች። ከዚያ ሽንኩርት በፌስታል ሞልታ ሰጠችኝ። ልከፍል ብል ተቆጣችኝ።

እግዱ ሲረሳ እዚያው ደሴ አዳራሽ አንድ ጊዜ ወጣሁ። ዘንጉን ከፍ አደረግሁ፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ ሐረጎን ጀመርኩ። ሰውዬው ጋቢውን ሳያወልቅ ከኋላ «ዱአውን! ዱአውን!» ተባለ። አይስቁም። መዳፋቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል። ካፖርቱን ሳላስወልቀው ወረድኩ። እስከ ዛሬም መንገድ ላይ የሚያውቀኝ ሰው አጫውተኝ አይለኝም፤ ዱአ አድርግልኝ ነው የሚለኝ። እኔ ደግሞ ዱአ አድራጊ አይደለሁም፤ ቀልደኛ ነበርኩ።

አሁን መድረክ ለመውጣት የምትዘጋጁ ልጆች ትጠይቁኛላችሁ። ዘንጉን ለቁመታችሁ አስተካክሉ። ሳል እስኪያልቅ ጠብቁ። ሰው እጁን ዘርግቶ የሚመልሰውን ነገር ለቀልድ አትጀምሩት፤ ከጀመራችሁት የሚጨርሰው እሱ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም።