ጥቁር ግድግዳ ላይ የቀረው ወንድሜ

ይህ ነገር የደረሰብን እኔ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ ታላቅ ወንድሜ ደረጄ በሞተ በሰባተኛው ወር ነው። ልተወው ሞክሬ ነበር። ባለፈው እሁድ ግን በቀበሌያችን አዳራሽ ቴሌቪዥን ስናይ አንድ ፊልም ከላይና ከታች ጥቁር ይዞ መጣ። ሰው ተንጫጫ። «ምስሉን ማን በላው? ይህን ጥቁር አንሡልን!» አሉ። አንዱ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለውን ማስተካከያ ሊያዞር ሲነሣ እኔ ሳላስበው «ተወው!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«ምን አገባህ? የአንተ ነው እንዴ ጥቁሩ?» አለኝ አንዱ። ተሳቀ። እኔ ተነሥቼ ወጥቼ ሄድኩ። መልሴን እዚህ ልጻፈው።

ደረጄ መቂ አጠገብ በአንድ የመንግሥት እርሻ የውሃ ፓምፕ ሠራተኛ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽንኩርት በከረጢት ይዞ ናዝሬት ይመጣል። የመጣ ዕለት ቤታችን በሳቅ ይሞላል። በኋላ ዘመተ። አልተመለሰም። የምንቀብረው አስከሬን አልመጣልንም። ቤታችን የቀረው ፎቶግራፉ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲቀመጥ የተነሣው ብቻ ነው። ትንሽዬ ናት፤ ጆሮው ብቻ ጎልቶ ይታያል። እናቴ ያቺን ይዛ «ይህ እኮ ልጅ ሳለ ነው፤ የኔ ደረጄ ጢም ነበረው» ትላለች።

ብርሃኑ የደረጄ የልብ ጓደኛ ነው። አብረው አድገዋል፤ ሶደሬ ሄደው አዋሽ ውስጥ የዋኙት፣ ተደብቀው ሲጋራ የሞከሩት አብረው ነው። ብርሃኑ በከተማችን በአንድ ሲኒማ ቤት የፊልም ማሽን ኦፕሬተር ሆነ። እኔን «ትንሹ ደሬ» ብሎ ነው የሚጠራኝ። ከለቅሶው በኋላ በየሳምንቱ እየመጣ እናቴን ይጠይቃታል። እሷም እንደ ልጇ ታየው ነበር።

አንድ ዓርብ እየሮጠ መጣ። ላብ አጥምቆታል።

«እትዬ ዘነበች፣ ይቀመጡ። መጀመሪያ ይቀመጡ» አላት።

«ምነው ልጄ? ደግሞ ምን መጣ?»

«ደሬን አየሁት። በፊልም። ከውጭ የመጡ ሰዎች እርሻውን ቀርፀውት አልነበረም? እሱ ፊልም መጥቷል፤ ከዋናው ፊልም በፊት ይታያል። ዛሬ ስሞክረው ደሬ አለበት! በቀኝ በኩል ዳር ላይ፣ ቱቦ ላይ ተቀምጦ ይስቃል።»

እናቴ አልጮኸችም። «ጢሙ አለ?» ብቻ ነው ያለችው።

«አለ እንጂ!»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሄድን። እናቴ በዕድሜዋ ሲኒማ ቤት ገብታ አታውቅም፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎችም ነገሩን አይወዱትም። ሐዘንተኛ ሴት ሲኒማ ቤት ገባች ይባላል ብላ ፈርታ በነጠላዋ ተሸፋፈነች። ብርሃኑ በር ላይ ተቀበለንና «በቀኝ በኩል ግድግዳውን ይዛችሁ ተቀመጡ፣ ቅርብ ይሆንላችኋል» አለን። እንዳለው ተቀመጥን። በሸራው ግራና ቀኝ ያለው ግድግዳ ጥቁር የተቀባ ነው። እናቴ ትከሻዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

ፊልሙ ሲጀምር ምስሉ ሸራውን አልሞላም። ከላይ ሰፊ ጥቁር፣ ከታች ሰፊ ጥቁር፣ መሀል ላይ ቀጭን ምስል። ሰው ወዲያው ፉጨት ጀመረ።

«ብርሃኑ! ፊልሙን መቀነት አስታጠቅከው እንዴ?»

«በበር ሥር ነው እንዴ አጮልቀን የምናየው?»

«ክፈተው! ሙሉውን ክፈተው!»

እግር መደብደብ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ደረጃውን ወደ ማሽን ክፍሉ ሲወጣ አየሁት። ፊልሙ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ሲጀምር ምስሉ ሸራውን ከላይ እስከ ታች ሞላው። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤአለሁ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ እኔም አጨብጭቤአለሁ።

እርሻው መጣ። ትራክተር መጣ። ቲማቲም የሚለቅሙ ሴቶች መጡ። ከዚያ ፓምፑ መጣ፤ ሁለት ሰዎች ሲፈቱት ይታያል። ከቱቦው ትንሽ ታየ። ደረጄ የለም። ከዚያ ምስሉ ወደ ሌላ ነገር ዞረ፤ ፊልሙ አለቀ።

እናቴ ክንዴን ይዛ «የታለ?» አለችኝ። «አለፈ እንዴ? እኔ አላየሁትም። ልጄ፣ ዓይኔ ነው እንዴ?»

«ዓይንሽ አይደለም እማዬ። እኔም አላየሁትም።»

«አይ፣ ዓይኔ ነው። ካለቀስኩ ወዲህ ደክሟል» አለች።

ዋናውን ፊልም ሳናይ ወጣን። ብርሃኑን ጠራሁት። ሲመጣ ፊቱ ልክ አልነበረም። መሬት መሬት እያየ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትናንት ፊልሙ ማሽን ላይ ተበጠሰ። ሲበጠስ የተበላሸው ተቆርጦ ይጣልና ይቀጠላል። የደሬ ቦታ እሱ ላይ ነው የነበረው» አለ።

«ታዲያ ቁራጩ የታለ?» አለች እናቴ። «ቁራጩን ስጠኝ። እኔ ይበቃኛል።»

«ተጥሏል እትዬ። ተጠርጎ ተጥሏል።»

አመንነው። ለምን አናምነው?

በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ ያለውን የቆሻሻ ክምር በእጄ በረበርኩ። ፊልም ቁርጥራጭ ብዙ አለ። ያገኘሁትን ሁሉ በደብተር ወረቀት ጠቅልዬ ወሰድኩላት። እናቴ መስኮት ላይ ቆማ አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሣች ታያለች። የፈረስ እግር አለ። የማላውቃት ሴት አንገት አለ። «ይህ ይሆን? እስቲ አንተ እየው» ትለኛለች። ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ አደረገች። ከዚያ ጠቅልላ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ጋር አስቀመጠችው። የእሱ ባይሆንም ከእሱ ጋር የተጣለ ነው ብላ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎረቤታችን ጋሽ አህመድ መጡ። የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። እንደ ልማዳቸው ከበር ላይ «አካም ጂርቱ!» ብለው ገቡ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እኔ ቀረቡ።

«ትናንት ሻሸመኔ ሲኒማ ገብቼ ደረጄን አየሁት። ቱቦ ላይ ቁጭ ብሎ ይስቃል። ለእናትህ ከመናገሬ በፊት ለአንተ ልንገርህ ብዬ ነው።»

«ጋሽ አህመድ፣ እሱ ተቆርጧል እኮ። ተበጥሶ ተጥሏል» አልኳቸው።

«እኔ ሰክሬ አላውቅም፤ አሳምረህ ታውቃለህ» አሉኝ።

በማግስቱ በመኪናቸው ይዘውኝ ሄዱ። ለእናቴ አልነገርናትም፤ ደግሞ ባዶ ቢሆንስ ብለን ፈራን። ሻሸመኔ ደርሰን ገባን። እዚያም ምስሉ ከላይና ከታች ጥቁር ነበረው። አንድ ሁለት ሰው አጉረመረመ፤ ማንም አልሰማቸውም። ፓምፑ መጣ። ሁለቱ ሰዎች መጡ። በቀኝ በኩል፣ መጨረሻው ዳር ላይ፣ ደረጄ ነበር። ጢሙ ነበር። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወደ እኛ እያየ ሳቀ።

የለበሰው የእኔን ሹራብ ነው። ያ ሹራብ ጠፍቶብኝ «አንተ ነህ የወሰድከው» ስለው በእናቱ ምሎ ነበር። እያለቀስኩ ሳቅኩ። ጋሽ አህመድ ጉልበቴን ያዙኝ።

ሲያልቅ ወደ ማሽኑ ክፍል ሄድኩ። ኦፕሬተሩ ሽማግሌ ናቸው። «አባቴ፣ ይህ ፊልም የተቀጠለው የት ጋ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ይኼ? ምንም ቅጥል የለበትም» አሉኝና ፊልሙን በሁለት ጣታቸው መሀል እያሳለፉ አሳዩኝ። «አዲስ ነው። አንድ ጊዜም አልተበጠሰም።»

ናዝሬት የሆነውን ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ሁለት ሌንስ አነሡ።

«ልጄ፣ ይህ ፊልም ሰፊ ነው፤ ሸራችን ጠባብ ነው። በዚህኛው ሌንስ ስታሳየው ምስሉ አንሶ ሙሉው ይገባል፤ ከላይና ከታች ግን ጥቁር ይተርፋል። በዚያኛው ስታሳየው ሸራው ይሞላል፤ ግራና ቀኙ ግን ከሸራው ወጥቶ ግድግዳው ላይ ይፈሳል። ጥቁር ግድግዳ ደግሞ ብርሃን ይውጣል። ወንድምህ አልተቆረጠም። ግድግዳው ላይ ነበር።»

ፊልሙን በማግስቱ ጠዋት የሚወስድ መኪና ተዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የት እንደገባ ጠይቀን አላገኘነውም።

ናዝሬት ስመለስ ቀጥታ ብርሃኑ ጋ ሄድኩ። ሲያየኝ «ትንሹ ደሬ!» ብሎ ተነሣ።

«ሻሸመኔ ነበርኩ» አልኩት። «አየሁት።»

ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሥራ አስኪያጁ አዘዘኝ። ሰው ይጮህ ነበር፣ ሰምተሃል።»

«ሌንሱን ስትቀይር ደሬ ትዝ አላለህም?»

«ትዝ ብሎኛል» አለ። «ትንሽ ይነካ ይሆናል እንጂ ጨርሶ ይወጣል አላልኩም።»

«ተበጠሰ ለምን አልክ?»

«እናትህን አየኋት። ግድግዳ ላይ ጣልኩት ልበላት?»

«ፊልሙ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን እዚህ ነበር። ጠዋት ሰው በሌለበት ብቻዋን ልታሳያት ትችል ነበር።»

«እችል ነበር» አለ። «አፈርኩ። ካሳየኋት መዋሸቴ ይታወቃል።»

እኔ ቆሻሻ ስበረብር ከላይ በመስኮት አይቶኝ እንደሆነ ልጠይቀው ፈለግሁ። ፈራሁና አልጠየቅሁትም።

ለእናቴ ነገርኳት። መናገር አልነበረብህም የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን በዚያ ቤት ሁለተኛ ውሸት እንዲገባ አልፈለግሁም። ስለ ሹራቡ ስነግራት ሳቀች። ስለ ግድግዳው ስነግራት ግን ሳቋን አቆመች።

«በየትኛው በኩል ያለው ግድግዳ ነው?»

«በቀኝ በኩል።»

«እኔ የተደገፍኩት?»

«አዎ እማዬ።»

እጇን አንሥታ ትከሻዋን ያዘች።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው። እናቴ ብርሃኑን ይቅር ብላዋለች፤ በዓል ሲሆን ይመጣል፣ ታበላዋለች። እኔ ሲመጣ እወጣለሁ። ደረጄም ዋሽቶኛል፤ በእናቱ ምሎ ዋሽቶኛል። ያን ውሸት ግን ባስታወስኩ ቁጥር ሹራቤን ለብሶ ሲስቅ ይታየኛል። የብርሃኑን ሳስታውስ የሚታየኝ እናቴ የማታውቃትን ሴት አንገት ወደ ፀሐይ አንሥታ «ይህ ይሆን?» ስትል ነው።

ትናንት ብርሃኑ መንገድ ላይ አገኘኝና እጁን ዘረጋልኝ። እጄን ከኪሴ ማውጣት አልቻልኩም።