ሆስፒታል የተላኩት ሽማግሌዎች

ውባየሁ አትላንታ አጠገብ ኮንየርስ በምትባል ከተማ በሚገኝ መጋዘን የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት፣ የሚነዳ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። አምና ዳረል የሚባል የሥራ ባልደረባው ፓርኪንግ ውስጥ ብረት ይዞ መጣበት። ውባየሁ ገፈተረው፤ ዳረል ወድቆ እግሩ ተሰበረ። የተከሰሰው ግን ውባየሁ ነው።

የዐቃቤ ሕጓ ማስረጃ ውሃ የሚያነሳ አልነበረም። ካሜራው የቀረጸው ዳረል ሲወድቅ ብቻ ነው። ምስክሩም ዞር ብሎ ያየው ጩኸት ከሰማ በኋላ ነው። ስለዚህ የሽማግሌዎቹን ነገር ሙጥኝ አለች።

ውባየሁ ጠበቃውን ሳያማክር ሦስት ሽማግሌዎች ሆስፒታል ልኮ ነበር። ከረባት አስረው፣ ብርቱካን ይዘው ገቡና ዳረል አልጋ ግርጌ ጎንበስ ብለው፣ "ስለ ፈጣሪ ብለህ ይቅር በለው" አሉት። ዳረል ደንግጦ ሴኪዩሪቲ ጠራ። ዐቃቤ ሕጓ ይህን ጥፋትን እንደማመን ቆጠረችው።

ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው አቶ ሀብቶም ምስክር ሆነው ቀረቡ።

"ጥፋተኛ ካልሆነ ለምን ይቅርታ ጠየቃችሁለት?" አለቻቸው።

"የተሰበረው ዳረል ስለሆነ ነዋ" አሉ። "ማን ጀመረው የሚለው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።"

ከሕዝብ የተመረጠው የፍርድ ጉባኤ፣ ጁሪው፣ ውባየሁን በነጻ አሰናበተው። እዚሁ አትላንታ ያደገችው ጠበቃው ኑሃሚን ኮሪደሩ ላይ፣ "ኦኬ፣ ኬዙ ክሎዝ ሆኗል፤ አሁን ቤትህ ሂድ" አለችው።

ውባየሁ ግን ከሽማግሌዎቹ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

"ምን እየጠበቃችሁ ነው?" አለች።

"ያለቀው ፍርዱ ነው፣ ልጄ" አሉ አቶ ሀብቶም፣ ከረባታቸውን እያስተካከሉ።

የችሎቱ በር ተከፈተ። ዳረል ከዘራውን ተደግፎ ሲወጣ አራቱም ብድግ አሉለት።