የወንድሜን የሳንባ ውሃ ውጤት ፍለጋ ወደ ኦስሎ

ከሃማር በጠዋቱ ባቡር የተነሣሁት ለሽርሽር አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ዮናስ ኦስሎ ሆስፒታል ከተኛ ሰንብቷል፤ ሳንባው ዙሪያ ውሃ ቋጥሯል። ሐኪሞቹ ቲቢ ጠርጥረው ለብቻው ክፍል ዘጉበት። ሚስቱ ሰብለ አራስ ናት፤ ልጁን ገና አላቀፈም። ውጤቱ የሚነገረው ዛሬ ነውና «ጌታ ሆይ፣ ቁርጡን አሳውቀን» ብዬ ተሳፈርኩ።

ባቡሩ ሐይቁን ይዞ ጥቂት እንደ ወረደ ሜዳ ላይ ተገተረ። ምክንያቱን የነገረን የለም። ኖርዌጂያኑ ጋዜጣቸውን ይገልጣሉ፤ የምቁነጠነጠው እኔ ብቻ!

ግሮንላንድ

ሰብለ በርበሬ አደራ ብላኝ ስለነበር ከኦስሎ ጣቢያ በእግሬ የሐበሻ ሱቅ ወዳለበት ሰፈር፣ ወደ ግሮንላንድ ተሻገርኩ። ሱቁ ውስጥ ከጸሎት ኅብረታችን እትዬ አልማዝ ያዙኝ።

«ጎኑን በመርፌ ወጋግተው ጨረሱት አሉ! ነጭ ሽንኩርት በማር ስጪው።»

«እትዬ፣ ውሃው የሚቀዳው በመርፌ ነው እኮ።»

«እኛማ ጸልየናል። ከመካከላችን ወንድም ታምሩም የሚችለውን አድርጓል።»

«ምን አደረገ?»

ዝንጅብል መምረጥ ጀመሩ።

ሆስፒታል

ዶክተሯ ዮናስ ክፍል የገባችው የቲቢ መከላከያ ጭምብል ሳታደርግ ነው። ልቤ መለስ አለ።

«በቲቢ ጊዜ ውሃው ውስጥ ከፍ የሚል ኢንዛይም አለ፤ የሱ ዝቅተኛ ነው። አክታውም ንጹሕ ነው፤ ቲቢ አይመስልም» አለች። «ሴሎች ሲጎዱ የሚፈሰው ሌላው ኢንዛይም ግን እጅግ በዝቷል። ይህ ወደ መግል እየሄደ ያለ የሌላ ባክቴሪያ ሥራ ይመስላል። ባክቴሪያውን ግን ላብራቶሪው ሊያበቅለው አልቻለም። ቀደም ብሎ የተወሰደ አንቲባዮቲክ እንዲህ ያደርጋል፤ ወስዶ ነበር?»

«ናይ» አለ ዮናስ ፈጠን ብሎ፤ በኖርዌይኛ «አይ» ማለቱ ነው።

በአማርኛ ጠየቅሁት፤ «ወንድም ታምሩ ምን ሰጠህ?»

«እቴቴ ደግሞ! ከአገር ቤት የተረፈች ካፕሱል ናት። ሲሻለኝ ተውኳት።»

«ታዲያ ለምን ትዋሻለህ?»

«በጸሎት ተፈወስኩ ብዬ ኅብረቱ ፊት መስክሬያለሁ። ምን ልበል?»

«ጌታ ካፕሱሉን ደብቅልኝ አለህ?» አልኩ፤ ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ለዶክተሯ ሁሉንም ተረጎምኩላት። አልተቆጣችም፤ እኔ ግን ለሁለታችን የሚበቃ ተቆጥቻለሁ። ውሃው በቱቦ እንዲወጣ፣ መድኃኒቱም ከእንግዲህ ሳይቋረጥ እንዲሰጠው አዘዘች።

«ልጁስ?» አልኳት።

«ይምጣ እንጂ!»

ከሰዓት በኋላ ሰብለ ሕፃኑን ደረቱ ላይ አስተኛችለት፣ በደኅናው ጎኑ። ዮናስ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ንዴቴ ግን አልወጣልኝም።

«ስትወጣ ምስክርነትህን ታስተካክላለህ» አልኩት።

«ኢንዛይሙንም ልናገር?»

«እሱንማ አስቀድመህ!»

ሃማር ስደርስ መሽቶ ነበር። እንግዲህ ለታመመ ሰው መጸለዬን አልተውም። እጄን ከመጫኔ በፊት ግን «ምን ዋጥክ?» ብዬ እጠይቃለሁ።