ከደጃችን የተነቀለው ፌርማታ

ደብዳቤው ሲመጣ መጀመሪያ ያየሁት ጀርባውን ነው። ነጋዴ ነኝ፤ ጨርቅ ሲያቀርቡልኝም ገልብጬ ነው የማየው። አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ስለ አውቶቡስና ባቡር የሚመክሩበት ኮሚቴ፣ እነሱ በጀርመንኛ ባይራት የሚሉት፣ አባል እንድሆን ይጋብዘኛል። ዳሌዬ በብረት የተተካ ነው፣ መኖሪያዬም ቦናመስ የሚባለው ሰፈር፣ ፎቆቹ መሃል። «ከዚያ ሰፈር የሚመጣ ሰው የለንም» ይላል። እዚህ አገር ስኖር ምን ታስባለህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አሁን ምን ተገኘ?

ልቀር ነበር። ያስኬዱኝ እማማ ናቸው። እማማ እላቸዋለሁ እንጂ ዘመዴ አይደሉም፤ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። በሮላቷቸው፣ በዚያ መቀመጫም ባለው ባለ ጎማ መደገፊያ፣ እየታገዙ እሑድ እሑድ ጉባኤያቸው ወደተከራየው አዳራሽ ይሄዳሉ። ከዚያ ሌላ መውጫ የላቸውም።

«ደጃችን ያለውን ፌርማታ ከዳገቱ ግርጌ ሊያወርዱት ነው አሉ» አሉኝ። «መውረዱንስ እወርደው ነበር፤ መመለሻዬን ጌታ ይወቀው። ሂድና ተናገርልኝ።»

ሄድኩ። ቡናና ኬክ በነጻ ተደርድሯል። በነጻ የሚበላበት ቤት ስገባ ኪሴን እነካካለሁ። ሰብሳቢው ዓይነ ስውር ናቸው፤ ጥግ ላይ ማን እንደሚያንሾካሹክ ግን ከሁላችን ቀድመው ያውቃሉ። አጠገቤ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ ሴትዮ አለች፤ ከአውቶቡስ ድርጅቱ ሰውዬ ጋር አንተ አንቺ እየተባባለች ትስቃለች። ይቺ የእነሱ ናት አልኩ በልቤ።

ከዚያ ጸሐፊዋ «መገኘታችሁን ፈርሙ» ብላ ወረቀት አዞረች።

መርካቶ ሰልባጅ ስሸጥ ቀበሌው እንዲሁ ጠርቶን ነበር። መገኘታችንን ፈረምን። ወር ሳይሞላ ያው ፊርማችን «ቦታችንን ለመልቀቅ ተስማምተናል» ከሚል ወረቀት ጋር ተሰፍቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ከወሬው በፊት የሚዞር ወረቀት ሳይ እጄ ይደርቃል። «መነጽሬን ረስቻለሁ» ብዬ አሳለፍኩት። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ፤ መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር። ወረቀቱን ተቀብላ ፈረመች። በሁለተኛውም ስብሰባ አሳለፍኩት። የጠየቀኝ የለም።

በሦስተኛውም ወረቀቱን አሳለፍኩት፤ የእኛ ፌርማታ ተራ ደረሰ። የድርጅቱ ሰውዬ አስረዳ፦ አሮጌው ፌርማታ መታጠፊያ ላይ ስለሆነ ሊስተካከል አይችልም፤ በአዲሱ ፌርማታ የመንገዱ ጠርዝ ከአውቶቡሱ ወለል እኩል ይሆናል፣ ባለ ወንበሩ ያለ ረዳት ይገባል። ኮሚቴው ድምፅ ሰጥቶ «ይቆይ» ካለ ብቻ እንደገና ያዩታል። ነገሩ ጤነኛ ነው። ያስፈራኝም እሱ ነው።

ተነሥቼ የእማማን ጉልበትና የዳገቱን ነገር ተናገርኩ። ስጨርስ ሴትዮዋ እጇን አወጣች። አለቀልን አልኩ።

«ሄጄ አይቼዋለሁ» አለች። «ስመለስ ዳገቱን ሁለት ሰው ነው የገፋኝ። የተስተካከለ ጠርዝ ገደል ሥር ቢቀመጥልኝ ምን ይሠራልኛል? ይቆይ።»

ትንሽ አፈርኩ። ብዙም አይደለም።

እጅ ተቆጠረ። «አምስት ለአምስት» አለች ጸሐፊዋ። «እኩል ከሆነ ይቆይ የሚለው ሐሳብ ወድቋል።»

«ስድስት ነን!» አልኩ።

«እርስዎ ዝርዝሩ ላይ የሉም።»

«እዚህ ተቀምጫለሁ እኮ!»

«ተቀምጠዋል። ያልፈረመ እንደ እንግዳ ነው የሚቆጠረው። ደንቡን በመጀመሪያው ቀን ሰጥቼዎታለሁ።»

ሰጥታኛለች። እኔ ግን ወጥመዱን ስፈልግበት ነበር እንጂ አላነበብኩትም። እስክሪብቶውን ላፍ አደረግኩ። ሰብሳቢው ድምፄን ተከትለው ዞሩ፤ «ድምፅ ከተሰጠ በኋላ አይሆንም» አሉ። «እኔም እኮ ይቆይ ካሉት ነበርኩ።»

ስንወጣ ሴትዮዋ «ያን ቀን መነጽርዎ የት እንዳለ ልነግርዎ ነበር» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«የድርጅቱ ሰው መስለውኝ። ስሙን የሚደብቅ ሰው ሌላ ምን ይሆናል?»

ለእማማ መንገር ነበረብኝ። በራቸው ላይ ቆሜ ነገርኳቸው።

«ማነው የጎዳን?»

«አንድ ድምፅ ጎደለ። የእኔ ነው፤ ፈርም ሲሉኝ እንቢ ብዬ።»

ሮላቷቸውን ወደ ግድግዳ አስጠጉ። ከዚያ «እኔም ባልፈረምኩ» አሉ። ማጽናናታቸው መስሎኝ ቀና ስል ፊታቸው አልተፈታም። «እኔ ግን የሰው ጉዳይ ይዤ አልነበረም።»

የፌርማታው ምሰሶ ከደጃችን ተነቀለ። አሁን እሑድ እሑድ እኔ ነኝ የምወስዳቸውም የምመልሳቸውም። ዳገቱ ግማሽ ላይ ሮላቷቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ አጥር ተደግፌ ዳሌዬን አሳርፋለሁ።

«መቀመጫ ይትከሉልን ብለህ ጠይቅ» አሉኝ ባለፈው እሑድ፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ።

«ፈርሜ ጠይቄያለሁ።»

«ምን አሉ?»

«እንመክርበታለን።»

እማማ የቀረውን ዳገት ሽቅብ አዩት። «እንግዲህ እስኪመክሩ» አሉና ተነሡ።