የሰውአገኝ ደኅና እንቅልፍ

ሥርጉት ጎንደር ከተማ ተወልዳ፣ ሥነ ልቡና ተምራ፣ ሥራ ስታጣ ለጥናት መረጃ ሰብሳቢነት የተቀጠረች ልጅ ናት። እንጀራዋ ወጣቶችን «ደስተኛ ነህ? ከቤተሰብህ ጋር ትስማማለህ?» እያሉ መጠየቅ ነው። ይህ በእኛ አገር ጥያቄ ነው? ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ተመስገን» የሚል ሕዝብ! እሷ ግን ድንጋይ ታናግራለች።

ባለፈው ክረምት ከትክል ድንጋይ ከተማ ወጣ ብላ ወደ ወይዘሮ የትነበርሽ ቤት ሄደች። የሴትዮዋ ባል በእርሻ ድንበር ጠብ ተገድሏል። ስማቸው የሚባለው ገዳይ ታስሮ ቆይቶ በፋሲካ ሰሞን ተፈትቶ መጥቷል። ሽማግሌዎች ለዕርቅ ቢመላለሱ የትነበርሽ በራቸውን ዘጉባቸው። ይህን ሁሉ የነገራት መንገድ ያሳያት ሰው ነው።

ልጃቸው ሰውአገኝ ገና ጺም ያላወጣ ጎረምሳ ነው። አጥሩ ሥር ተቀምጠው ትጠይቀው ጀመር።

«እንቅልፍ እንዴት ነው?»

«አሁንማ ሸጋ ነው፣ እትዬ። በፋሲካው ሰሞን ነበር ያስቸገረኝ።»

«ከእናትህ ጋርስ?»

ፊቱ በራ። «ዱሮ ስትሰድበኝ ነበር የምትውል። ሰሞኑን በአባቴ መደብ ታስቀምጠኛለች፤ ታጎርሰኛለች።»

ሥርጉት ደስ አላት። ያን ሁሉ ቀበሌ ስትዞር እንዲህ አፉን ሞልቶ የነገራት ወጣት አልነበረም። የዋህ! የተገደለ ሰው መደብ ለልጅ በነጻ እንደማይሰጥ እኔ ብሆን ያኔውኑ በገባኝ።

«የዛሬ ዓመትስ ምን ለመሆን ታስባለህ?»

ሣቀ። «የዛሬ ዓመትን አላስብም። ሐሳቤ እስከ ዛሬ ነው። አያ ስማቸው በሬ ሊሸጥ ገበያ ወርዷል አሉ።»

ክው አለች። የአባቱን ገዳይ አያ ብሎ ማክበሩ ከቁጣ ይልቅ አስፈራት። ወይዘሮ የትነበርሽ በጋቢ የተጠቀለለ ጠመንጃ ይዘው ከቤት ወጡ፤ ልጁም ተነሥቶ ጠመንጃውን ተቀበላቸው።

ሥርጉት ክንዱን ያዘች። «ሰውአገኝ፣ በማርያም! ሽማግሌ ልጥራ። ትሞታለህ እኮ!»

«ምነው እትዬ? ከእናትህ ጋር ትስማማለህ ወይ አልሽኝ፤ እኔም እንስማማለን አልሁሽ።» እጇን ቀስ ብሎ አላቀቀና ቁልቁለቱን ወረደ።

እሷም እናቱ እግር ላይ ወደቀች። «እማማ፣ ይመልሱት! ያለ እሱ ማን አለዎት?»

ወይዘሮ የትነበርሽ ዓይናቸውን ከልጃቸው ጀርባ አልነቀሉም።

«ተይው፣ ልጄ» አሏት፤ «ዛሬ ነው የወለድሁት።»