ሳር የጠቀጠቅንበት ጎማ

ሐሙስ ንጋት፣ ደሴ

ገና ሳይነጋ ተነሳን። ቫኗ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስ፤ ሞተሯ ሲነሳ ሳልና ጭስ ነው። ከኋላ እስከ ጣራዋ የወተት ዱቄት ጭነናል። መካነ ሰላም መጠለያ ውስጥ የምትሠራው ነርሷ ጓደኛዬ ሙሉ፣ "ወተቱ ረቡዕ ያልቃል፤ ልጆቹ ከዚያ በኋላ ብዙ አይቆዩም" ብላ መልእክት ልካልኛለች።

ትናንት ከሾፌሩ ከጋሽ ሰይድ ጋር ጎማ ቤት ተጨቃጭቀናል። የቫኗ ጎማዎች አልቀው ክራቸው ወጥቷል። ጎሚስታው ጥርሱ ያልተነካ አዲስ የቤት መኪና ጎማ ነበረው። ጋሽ ሰይድ ጎኑን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

"ይሄ የከተማ ነው፣ ጎኑ ስስ ነው። እሷ አሮጊት ናት፣ ጭነቷ ከባድ ነው፤ ድንጋዩ ደግሞ የሚበላው ጎኑን ነው። ወፍራሙ ነገ ከኮምቦልቻ ይመጣል። አንድ ቀን እንጠብቅ።"

"አንድ ቀን የለንም። ጥርሱን አያዩትም እንዴ?"

"ጎማ እንደ በቅሎ በጥርሱ አይመረጥም፣ ልጄ።"

ጎሚስታው ሳቀ። እኔ ተናደድኩ። ለወጪው የምፈርመው እኔ ነኝ፤ አራቱንም በአዲሱ አስቀየርኩ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ አቀስታ

ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሁሉ ሰው ነው። ሁሉም ወደ ደሴ፣ እኛ ብቻ ወደዚህ። አህያ የለም፣ የውሻ ጩኸት የለም። አቀስታ ሻይ ቤት ሬዲዮኑ ስለ አብዮቱ ይለፈልፋል። የሚበላ ስንጠይቅ ባለቤቷ "ሻይ አለ፣ ስኳር የለም" አለችን።

ከከተማው እንደወጣን የመጀመሪያው ጎማ ፈነዳ። ጎኑ በምላጭ እንደተተለተለ ተከፍቷል። ጋሽ ሰይድ ክሪኩን አወጣና በመጠባበቂያው ቀየረው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሊመሽ ሲል ሁለተኛው ፈነዳ።

ዓርብ፣ መንገድ ዳር

ቀኑን ሙሉ የጭነት መኪና ጠበቅን። አንድም አላለፈም።

"ደግ ዘመን ቢሆን ጎማው ውስጥ ገለባ ጠቅጥቀን እንሄድ ነበር" አለ ጋሽ ሰይድ። "እህል ካልተወቃ ገለባ ከየት ይመጣል?"

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አራት ዓመት ሙሉ "መሬት ለአራሹ" እያልኩ ጮኼያለሁ። አንድም አራሽ ቤት ገብቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት

ከጉብታው ላይ አንድ ሽማግሌ በምርኩዝ ወረዱ። አባ ይመር ይባላሉ። ወዴት እንደምንሄድ ስንነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

"ልጄ የሺ እዚያ ናት። ከአክስቷ ጋር ሰደድኳት። እኔን ጉልበቴ አላስኬድ ብሎኝ ቀረሁ።" የተቀደደውን ጎማ አዩ። "ገለባ የለኝም፤ ጣራ ግን አለኝ።"

"ቤትዎን እናፍርስ?"

"እኩሌታውን በሬዎቼ በልተውት ሞቱ። የቀረውን መኪናችሁ ይብላው። ብቻ እኔንም ጫኑኝ።"

ጣራቸው ላይ ወጥቼ ጭስ የጠገበውን ሳር ነቀልኩ። ጋሽ ሰይድ ጎማው ውስጥ በብረት ጠቀጠቀው፤ ቀዳዳውን በቀንበራቸው ጠፍር ሰፋው። "አብሽሪ፣ ይሄዳል" አለኝ። ሄደ፤ ከሰው እርምጃ ትንሽ ፈጠን እያለ።

አባ ይመር መሀላችን ተቀምጠው ስለ የሺ አወሩን። "ስድስት ዓመቷ ነው። ምላሷ እንዳንቺው ነው፤ 'የት ቆየህ?' ብላ ትቆጣኛለች።"

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፣ መካነ ሰላም

ሙሉ መጠለያው በር ላይ ቆማለች። ሰላም ሳልላት ስለ የሺ ጠየቅኳት። ወደ ሽማግሌው አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ዛሬ ጎህ ሲቀድ። ከረቡዕ ወዲህ ውሃ ብቻ ነበር የምንሰጣቸው።"

አንድ ቀን ጠብቀን ወፍራሙን ጎማ ብናስገጥም ኖሮ፣ ዓርብ ማታ እዚህ ነበርን።

ገና አልተቀበረችም። ቀላል ስለነበረች አባ ይመር ብቻቸውን አቀፏት። ጋሽ ሰይድ ጉድጓዱን ቆፈረ። ቄሱ ፍትሐቱን ሲጨርሱ አባ ይመር እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"እናንተ ባትመጡ በእጄ አፈር አላለብሳትም ነበር። እግዜር ይስጥሽ ልጄ። መንገድሽን ያቅናልሽ።"

ስለ ጎማው ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ሰይድ ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

"አሜን በይ" አለ።

"አሜን" አልኩ።